የቻጎስ ደሴቶች እንዴት ሰው አልባ ሆኑ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቻጎስ በዜና ሲነሣ ወሬው ባብዛኛው ስለ አሜሪካ የጦር ሰፈርና ስለ ብሪታንያ የኪራይ ሒሳብ ነው። የዚህ ገጽ መልሶች ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ክፍል ያ ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቻጎስ የት ነው?

በሕንድ ውቅያኖስ እምብርት። ከማልዲቭስ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሞሪሸስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ50 የሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች አሉት፤ የብሱ በሙሉ ቢደመር ግን 60 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግማሽ የሚያህለውን የያዘው ዲዬጎ ጋርሺያ የተባለው ደሴት ነው። ቀጭን መሬት እንደ ፈረስ ኮቴ ተጠማዞ ጥልቅና ጸጥ ያለ ውሃ አቅፏል፤ ትልልቅ መርከቦች ከማዕበል ተጠልለው መልሕቅ ይጥሉበታል። የደሴቱ ሰዎች መከራ የመጣው ከዚህ የተፈጥሮ ወደብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእሱ ሌላ በታሪኩ ውስጥ ደጋግመው የሚነሡት በሰሜን በኩል ያሉት ፔሮስ ባኞስና ሰሎሞን ናቸው።

ከአውሮፓውያን በፊት ሰው ይኖርበት ነበር?

ቋሚ ነዋሪ አልነበረውም። ፖርቱጋሎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልፉ በካርታ ላይ አሰፈሩት እንጂ አልሰፈሩበትም። ሰው የገባበት በፈረንሳዮች ዘመን ነው። ሞሪሸስን «ኢል ደ ፍራንስ» ብለው ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች በ1783 ፒየር ማሪ ለ ኖርማን ለተባለ ባለ እርሻ ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ኮኮናት እንዲያለማ ፈቀዱለት። እሱም ባሪያዎቹን ይዞ ሄደ። በሚቀጥሉት ዓመታት የተጋዙት ባሪያዎች አብዛኞቹ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ የመጡ ነበሩ። ከሞሪሸስ የሥጋ ደዌ ሕሙማንም ይላኩ ነበር፤ የባሕር ኤሊ ሥጋ ያሽራቸዋል ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1786 እንግሊዞች ከቦምቤይ መጥተው ለመስፈር ቢሞክሩም ዓመቱ ሳያልቅ ጥለው ሄዱ።

ከዚያ እንግሊዝ በ1810 ሞሪሸስን በጦር ያዘች። በ1814ቱ የፓሪስ ውል ደግሞ ፈረንሳይ ሞሪሸስን ከነጥገኛ ግዛቶቿ አስረከበች፤ ቻጎስም አብሮ ተላለፈ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1965 ድረስ ቻጎስ ይተዳደር የነበረው የሞሪሸስ ጥገኛ ሆኖ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በሄግ በዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በተካሄደው ክርክር ለሞሪሸስ ጉልበት የሆናት ይኸው ነበር።

ኑሮው ምን ይመስል ነበር?

በ1835 በሞሪሸስ ግዛት ባርነት ሲቀር ሠራተኞቹ ነጻ ወጡ ተባለ፤ መሬቱ ግን ያው የባለ እርሻው፣ ሥራውም ያው ነበር። ከሕንድ በኮንትራት የመጡ ሰዎችም ተጨመሩ። ከአፍሪካ፣ ከማዳጋስካርና ከሕንድ የመጡት ተጋብተው፣ ተዋልደው፣ የራሱ ክሪዮል (ከፈረንሳይኛ የተዳቀለ) ቋንቋ ያለው በአብዛኛው ካቶሊክ የሆነ ሕዝብ ወጣቸው።

እንጀራቸው ኮፕራ ነበር፦ ኮኮናቱ ይለቀማል፣ ይፈለጣል፣ ሥጋው ይደርቃል፣ ዘይቱ ይጨመቃል። ሞሪሸሶች ቦታውን «የዘይት ደሴቶች» ይሉት ነበር። ገነት ነበር ብሎ መተረክ ስሕተት ነው፤ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ቀጣሪም፣ ዳኛም፣ ባለ ሱቅም እሱው ነበር፤ ደመወዙም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ነገር ግን ሰዉ ቤት ነበረው፣ ጓሮ ነበረው፣ ዶሮና አሳማ ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ልጁን ያስጠምቃል፣ ወላጁን ይቀብራል። በ1960ዎቹ አያቱ፣ ቅድመ አያቱና የቅድመ አያቱ አባት እዚያው የተቀበሩለት ሰው ብዙ ነበር።

ምን ያህል ከዓለም ርቀው እንደሚኖሩ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በጥቅምት 1914 የጀርመን የጦር መርከብ «ኤምደን» የድንጋይ ከሰል ለመጫን ዲዬጎ ጋርሺያ ገባ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ደሴቱ የብሪታንያ ነው፤ የደሴቱ ሰዎች ግን ወሬው አልደረሳቸውም። ጀርመኖቹም አላረዷቸውም። የሥራ አስኪያጁን የተበላሸ የሞተር ጀልባ ጠገኑለት፣ ተመሰጋግነው ተለያዩ።

ብሪታንያ ቻጎስን ከሞሪሸስ የነጠለችው እንዴት ነው?

በመስከረም 1965 የሞሪሸስ መሪዎች ስለ ነጻነት ለመደራደር ለንደን፣ ላንካስተር ሃውስ ተሰብስበው ነበር። መሪያቸው ሲውሳጉር ራምጉላም ከብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሃሮልድ ዊልሰን ጋር ለብቻቸው እንዲነጋገሩ ተደረገ። ለዊልሰን አስቀድሞ የተዘጋጀላቸው ማስታወሻ ዛሬ በይፋ ይነበባል፦ ዓላማው ሰውዬውን በአንድ በኩል ነጻነቱን ሊያገኙ ይችላሉ በሚል ተስፋ፣ በሌላ በኩል ላያገኙም ይችላሉ በሚል ስጋት መያዝ እንደሆነ ይገልጻል። ሞሪሸስ በ3 ሚሊዮን ፓውንድና በአንዳንድ ቃል ኪዳኖች «ተስማማች»። ቅኝ ገዢና ተገዢ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ የተገዢው ነጻነት በገዢው እጅ እያለ የተገኘ ስምምነት ምን ያህል ስምምነት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ኅዳር 8 ቀን 1965 በንግሥቲቱ ትእዛዝ «የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት» የተባለ አዲስ ቅኝ ግዛት ተፈጠረ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ አፍሪካ ውስጥ የቅኝ ገዢዎች ባንዲራ በየአገሩ በሚወርድበት ዘመን ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት በ1960 ባሳለፈው ውሳኔ ቅኝ ግዛቶች ነጻ ሲወጡ መሬታቸው እንዳይሸራረፍ አውጆ ነበር፤ የቻጎስን መነጠል ተከትሎም በታኅሣሥ 1965 ጠቅላላ ጉባኤው ብሪታንያ ሞሪሸስን እንዳትቆርስ አሳሰበ። የሰማ አልነበረም። ሞሪሸስ መጋቢት 12 ቀን 1968 ያለ ቻጎስ ነጻ ወጣች።

አዲሱ ግዛት ከሲሼልስ የተወሰዱ አልዳብራ፣ ፋርኩሃርና ዴሮሽ የተባሉ ደሴቶችንም ይዞ ነበር፤ እነዚያ በ1976 ሲሼልስ ነጻ ስትወጣ ተመለሱላት።

አሜሪካ ለምን ዲዬጎ ጋርሺያን ፈለገች?

በ1950ዎቹ መጨረሻ ስቱዋርት ባርበር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዕቅድ አውጪ አንድ ነገር ታየው። እስያና አፍሪካ ነጻ ሲወጡ በየአገሩ ያለው ወታደራዊ ጣቢያ «ውጡልን» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ጥቂት ሰው ያለባቸውን፣ ከየብስ የራቁ ደሴቶች ከአሁኑ መያዝ ይሻላል አለ። ሰው ከሌለ ሰልፍ የለም፣ ምርጫ የለም፣ ውል የሚያፈርስ አዲስ መንግሥት የለም።

የኛን አካባቢ የሚነካው ክፍል እዚህ ላይ ነው። አሥመራ የነበረው የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ቃኘው፣ ባርበር የሰጉለት ዓይነት ሰፈር ነበር። ውሉ የ25 ዓመት ሆኖ በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተፈርሞ ነበር፤ በኤርትራ ጦርነቱ እየጋለ፣ የንጉሠ ነገሥቱም ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ዋሽንግተን አማራጭ መፈለግ ጀመረች። በ1973 ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ሥራ የጀመረው የመገናኛ ጣቢያ ቃኘው ይሠራው ከነበረው ሥራ ከፊሉን ተረከበ። ደርግ በ1977 ቃኘውን ሲያዘጋ አሜሪካኖች ያን ያህል ያልደነገጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለ ቃኘው ብዙ ተጽፏል፤ ተተኪው የቆመበት መሬት ባለቤቶች ግን በአማርኛ ሲነሡ ብዙም አይሰማም።

ብሪታንያና አሜሪካ ታኅሣሥ 30 ቀን 1966 በደብዳቤ ልውውጥ ተዋዋሉ፦ ደሴቶቹ ለ50 ዓመት ለመከላከያ ይውላሉ፣ ከዚያም 20 ዓመት ሊጨመር ይችላል። በይፋ ኪራይ አልተጠየቀም። በምስጢር ግን አሜሪካ ለብሪታንያ ከምትሸጠው የፖላሪስ ሚሳይል ዋጋ ላይ 14 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰችላት። ይህ ይፋ የወጣው በ1975 ነው።

መጀመሪያ ለጦር ሰፈር ታስበው ከነበሩት ደሴቶች አንዱ አልዳብራ ነበር። አልዳብራ ግን በግዙፍ ኤሊዎቹ የታወቀ ነውና የእንግሊዝና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ተንጫጩ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ የገንዘብ እጥረትም ተጨመረበትና በ1967 ዕቅዱ ተሰረዘ። ለኤሊዎቹ ጠበቃ ተገኘላቸው።

ነዋሪዎቹስ እንዴት ተባረሩ?

ቀስ በቀስ፣ ብዙም ጩኸት በሌለበት መንገድ። ከ1968 ገደማ ጀምሮ ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሞሪሸስ የሄዱ ሰዎች ለመመለስ መርከብ ሲጠይቁ «ደሴቶቹ ተሸጠዋል፣ መመለስ አይቻልም» ተባሉ። በኋላ የትግሉ መሪ የሆኑት ኦሊቪዬ ባንኩ የፔሮስ ባኞስ ተወላጅ ናቸው፤ ቤተሰባቸው በ1968 እግሯ የተጎዳ እኅታቸውን ለማሳከም ወጥቶ በዚያው ቀረ።

ቀጥሎ እርሻው ተዳከመ። የብሪታንያ መንግሥት በ1967 የእርሻው ባለቤት የነበረውን ኩባንያ በ660,000 ፓውንድ ገዝቶት ነበር። የሚመጣው ስንቅና መድኃኒት እየቀነሰ፣ ኮንትራት እየታጠፈ ሄደ። ቀለቡ በመርከብ የሚመጣለትን ሰው መርከቡን ማስቀረት ብቻ ይበቃል።

በ1971 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ጓድ ዲዬጎ ጋርሺያ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በግዛቱ እንዳይኖር የሚከለክል አዋጅ ወጣ፤ የፈረሙት አስተዳዳሪው ሰር ብሩስ ግሬትባች ነበሩ። የሰዎቹ ውሾች ተሰብስበው ኮፕራ ይደርቅበት በነበረው ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ከወታደራዊ መኪኖች በሚወጣ ጭስ ተገደሉ። ልጆቹ በዓይናቸው እያዩ ነው። ከዚያ በኋላ «እኛስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ከማንም መስማት አላስፈለገውም።

በጥቅምት 1971 ዲዬጎ ጋርሺያ ባዶ ሆነ። ወደ ሰሜኖቹ ደሴቶች የተዛወሩት ጥቂት ጊዜ አገኙ፤ ሰሎሞን በ1972፣ ፔሮስ ባኞስ በግንቦት 1973 ተለቀቀ። የተፈቀደላቸው ሻንጣና ትንሽ ዕቃ ብቻ ነበር። «ኖርድቨር» በተባለችው የጭነት መርከብ ለጥቂት ሰው በተሠራ ቦታ ብዙ ሰው ታጭቆ፣ ብዙዎቹ ከኮፕራውና ከሌላው ጭነት ጋር ተጓዙ። አንዳንዶቹን ሲሼልስ ላይ አውርደው ቀጣዩ መርከብ እስኪመጣ ወኅኒ ቤት አሳደሯቸው። በመጨረሻው ጉዞ የመጡት ፖርት ሉዊስ ሲደርሱ «ቤት ሳይሰጠን አንወርድም» ብለው ለቀናት መርከቧ ላይ ቆዩ።

ስንት ሰው እንደተባረረ ግምቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ1,500 እስከ 2,000 ነው።

«ነዋሪ አልነበረም» የተባለውስ?

የዚህ ታሪክ ቁልፉ ይህ ይመስለኛል። በመንግሥታቱ ድርጅት ቻርተር መሠረት ቅኝ ግዛት ያላት አገር ስለዚያ ሕዝብ ደኅንነት ሪፖርት ማቅረብና ራሱን ወደማስተዳደር እንዲደርስ መርዳት አለባት። ሕዝብ ከሌለ ግን ሪፖርት የለም። ስለዚህ የለንደን ባለ ሥልጣናት ቻጎሳውያንን «ጊዜያዊ የኮንትራት ሠራተኞች» ብለው መዘገቡ።

አላወቁም እንዳይባል ጽሑፋቸው አለ። በነሐሴ 1966 ዴኒስ ግሪንሂል የተባሉ ዲፕሎማት ከወፎቹ ጋር «ጥቂት ታርዛኖችና ፍራይዴዎች» (በልብ ወለድ መጻሕፍት የታወቁ የጫካና የደሴት ሰዎች ስሞች ናቸው) እንዳሉ በማሾፍ ጻፉ። በዚያው ሰሞን ሌላው አለቃ ከባሕር ወፎች በቀር ነባር ነዋሪ እንደማይኖር ጽፈዋል። በ1970 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የሕግ አማካሪ ስለ ጉዳዩ ባዘጋጁት ሰነድ አንዱን ክፍል «ልብ ወለዱን ስለ ማቆየት» ብለው አርእስት ሰጥተውታል። ውሸት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ አርእስት የሚሰጠው።

አንድ ክርክር ዛሬም ይሰማል፦ «አያቶቻቸው ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፣ ታዲያ ነባር ሕዝብ ናቸው ይባላል?» በዚህ ሚዛን ሞሪሸስም፣ ሲሼልስም፣ እንግሊዝ በጦርነት ጭምር የተከላከለችላቸው፣ በደቡብ አትላንቲክ ያሉት የፎክላንድ ደሴቶች ነዋሪዎችም ባለ አገር ሊሆኑ አይችሉም። ፎክላንድን የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በ1982 የፎክላንድ ሰዎች ቁጥር ከተባረሩት ቻጎሳውያን ብዙም የሚርቅ አልነበረም።

ከተባረሩ በኋላ ምን ገጠማቸው? ካሳስ አገኙ?

አብዛኞቹ በሞሪሸስ ዋና ከተማ ዙሪያ በሚገኙ ሮሽ ቧ እና ካሲስ በመሳሰሉ ድሃ ሰፈሮች ወደቁ። ኮኮናት መፈልፈልና ዓሣ ማጥመድ ለሚያውቅ ሰው በሸንኮራ አገር ሥራ አልነበረም። በአነጋገራቸው ይናቁ ነበር። ብዙዎች በሐዘን ሞቱ ይላሉ ልጆቻቸው።

ብሪታንያ ለሞሪሸስ መንግሥት 650,000 ፓውንድ ሰጥታ ነበር፤ ገንዘቡ ለሰዎቹ የተከፋፈለው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የዋጋ ንረት ከበላው በኋላ ነው። ጸጥ ብለው አልተቀበሉትም። ሊዜት ታላትና ሻርሌዝያ አሌክሲ የመሳሰሉ እናቶች አደባባይ ወጡ፣ የረኃብ አድማ አደረጉ፣ ታሰሩ። ትግሉን ያቆሙት ሴቶቹ ናቸው ቢባል እውነት ነው። በ1982 ብሪታንያ 4 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረች፤ ገንዘቡን ሲወስዱ ግን ብዙዎቹ ማንበብ በማይችሉት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕግ ወረቀት ላይ የጣት አሻራቸውን አኑረው ነበር። ወረቀቱ «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ነበር። በ2012 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ያልተቀበለው በዚሁ ምክንያት ነው።

በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አልከሰሱም?

ከሰሱ፤ አሸነፉም። ኅዳር 3 ቀን 2000 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የ1971ዱን አዋጅ ሕገ ወጥ አለው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ፍርዱን ተቀበሉ፤ ከዲዬጎ ጋርሺያ በቀር ወደ ሌሎቹ ደሴቶች መመለስ ተፈቀደ። መርከብ፣ ቤት፣ ውሃ ስለሌለ ግን ማንም ሄዶ መስፈር አልቻለም። በ2004 መንግሥት ፓርላማውን ሳያማክር በንግሥቲቱ ትእዛዝ ክልከላውን መለሰው። ቻጎሳውያን በ2006 በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2007 በይግባኝ ሰሚው ረቱ፤ በጥቅምት 2008 ግን ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። አንድ ዳኛ ወደ ወዲያ ቢያዘነብል ታሪኩ ሌላ ነበር።

የባሕር ጥብቅ ክልሉስ? ለተፈጥሮ ጥሩ አይደለም?

ለኮራሉና ለዓሣው ጥሩ ነው። በሚያዝያ 2010 ብሪታንያ 640,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ባሕር ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ክልል አድርጋ አወጀች። በዚያው ዓመት በዊኪሊክስ በወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ግን አንድ የብሪታንያ ባለ ሥልጣን ክልሉ የቀድሞ ነዋሪዎቹን የመመለስ ጥያቄ እንደሚያከትመው መናገራቸው ተገለጠ። ዓሣ ሳያጠምድ እዚያ መኖር የሚችል ሰው የለምና። በመጋቢት 2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ ክልሉ የሞሪሸስን መብት ጥሶ የተቋቋመ መሆኑን ወሰነ። ትልቁ የጦር ሰፈር ግን ከክልሉ ውጭ ተደርጎ ነበር።

የሄጉ ፍርድ ቤት ምን አለ? የአፍሪካ ኅብረትስ ምን አገባው?

አፍሪካ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1980 ዲዬጎ ጋርሺያ ለሞሪሸስ እንዲመለስ ጠይቋል፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2018 ሄግ ቀርቦ ተሟግቷል። በ2017 ጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄውን ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት የመራው በ94 ድጋፍና በ15 ተቃውሞ ነበር። የካቲት 25 ቀን 2019 ፍርድ ቤቱ 13 ለ 1 በሆነ ድምፅ ቻጎስ ከሞሪሸስ የተነጠለው በሕጋዊ መንገድ እንዳልሆነ፣ ብሪታንያም አስተዳደሯን በተቻለ ፍጥነት ማቆም እንዳለባት አስታወቀ። ውሳኔውን ያነበቡት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሶማሊያዊው አብዱልቃዊ አሕመድ ዩሱፍ ነበሩ፤ በተቃውሞ የቆሙት አሜሪካዊቷ ዳኛ ብቻ ናቸው።

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በዚሁ ፍርድ ቤት ከሰው በ1966 «መክሰስ የሚያስችል ጥቅም አላሳያችሁም» ተብለው እንደተመለሱ የሚያውቅ ሰው የቤቱ መንፈስ ምን ያህል እንደተለወጠ ይታየዋል።

ብሪታንያ «የምክር አስተያየት እንጂ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም» አለች። በሕግ ልክ ናት። ነገር ግን በግንቦት 2019 ጠቅላላ ጉባኤው በ116 ድምፅ በ6 ተቃውሞ ለቃ እንድትወጣ ጠየቀ። በ2021 የዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ልዩ ችሎት ከአስተያየቱ ተነሥቶ ጉዳዩን እንዳለቀ ቆጠረው። የዓለም የፖስታ ኅብረትም የግዛቱን ቴምብር ከለከለ። ያኔ ለሞሪሸስ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ በስም የሷ፣ በተግባር የማይደረስበት። የካቲት 2022 መርከብ ተከራይታ፣ ኦሊቪዬ ባንኩን ጨምሮ ጥቂት ቻጎሳውያን ይዛ ሄዳ ፔሮስ ባኞስ ላይ ባንዲራዋን ሰቀለች። ድርድሩ በዚያው ዓመት ኅዳር ተጀመረ።

የ2025ቱ ውል ምን ይላል?

ግንቦት 22 ቀን 2025 የዚያን ጊዜ የሁለቱ አገሮች ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ የብሪታንያው ኪር ስታርመርና የሞሪሸሱ ናቪን ራምጉላም፣ ፈረሙት። ናቪን በ1965 ከዊልሰን ጋር የተቀመጡት የሲውሳጉር ልጅ ናቸው። በውሉ ሉዓላዊነቱ የሞሪሸስ ነው፤ ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ያለው የጦር ሰፈር ግን ለ99 ዓመት በብሪታንያ እጅ ይቆያል፣ ሊራዘምም ይችላል። ክፍያው በአማካይ በዓመት 101 ሚሊዮን ፓውንድ ነው ይላል የብሪታንያ መንግሥት፤ ለቻጎሳውያን የሚውል 40 ሚሊዮን ፓውንድ ፈንድም አለበት። ውሉ የሚጸናው ከጸደቀ በኋላ ሲሆን፣ በለንደንም በዋሽንግተንም ከፊርማው በኋላ ትልቅ የፖለቲካ ጭቅጭቅ አስነሥቷል።

«ነጥብ አይኦ» (.io) የሚባለው የድረ ገጽ አድራሻ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አዎ። «አይኦ» የዚህ ቅኝ ግዛት የአገር ኮድ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለወደዱት ተስፋፋ። ግዛቱ በይፋ ቢቀር ኮዱ ከዓለም አቀፉ ዝርዝር ሊወጣ፣ አድራሻውም በጊዜ ሂደት ሊዘጋ የሚችልበት አሠራር አለ። ለጊዜው የተዘጋ ነገር የለም።

ዛሬ እዚያ ማን ይኖራል? መሄድስ ይቻላል?

ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ወታደሮችና በኮንትራት የሚሠሩ ሲቪሎች ብቻ፤ ከሲቪሎቹ ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ናቸው። ቻጎሳውያን ኮንትራት ሠራተኛ ናችሁ ተብለው በተባረሩበት ደሴት ማለት ነው። ሰፈሩ በ1991 በባሕረ ሰላጤው፣ በ2001 በአፍጋኒስታን፣ በ2003 በኢራቅ ጦርነቶች ቦምብ ጣዮችን አስነሥቷል። በ2002 እስረኞችን በምስጢር የሚያጓጉዙ ሁለት የአሜሪካ አውሮፕላኖች እንዳረፉበትም የብሪታንያ መንግሥት በ2008 አምኗል። የቱሪስት በረራ የለም። በራሳቸው ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ሰዎች በፈቃድ አንዳንዶቹ ሰው አልባ ደሴቶች አጠገብ መልሕቅ ሲጥሉ ኖረዋል፤ የደሴቶቹ ተወላጆች ግን በ2006 በቡድን የመቃብር ጉብኝት የተፈቀደላቸው በታጀበ ጉዞ ነው።

ቻጎሳውያን በውሉ ተደስተዋል? ይመለሳሉ?

በአንድ ድምፅ አይናገሩም። ሞሪሸስ ያሉት የኦሊቪዬ ባንኩ ማኅበር አባላት ውሉን ደግፈዋል። በእንግሊዝ፣ በተለይ ከጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው ክሮውሊ ከተማ የሚኖሩት ብዙዎች ይቃወሙታል። በ2002 የወጣ ሕግ ለተወላጆቹና ለአንዳንድ ልጆቻቸው፣ የ2022ቱ ደግሞ ለቀሩት ትውልዶች የብሪታንያ ዜግነት ሰጥቷል፤ ብዙዎች ወደዚያ የተሰደዱት በዚህ ነው። ከነሱ አንዳንዶቹ «በ1965 ሳንጠየቅ ከሞሪሸስ ተነጠልን፣ አሁንም ሳንጠየቅ ለሞሪሸስ ተሰጠን» ይላሉ። ውሉ በሚፈረምበት ዕለት ጠዋት ሁለት ቻጎሳውያን ሴቶች ለጥቂት ሰዓት በፍርድ ቤት አሳግደውት ነበር። ነገሩን ሳየው እውነት አላቸው፤ በድርድሩ ጠረጴዛ ሁለት መንግሥታት ነበሩ፣ ሦስተኛ ወንበር አልነበረም።

መመለስን በተመለከተ ውሉ ሞሪሸስ ከዲዬጎ ጋርሺያ በቀር በሌሎቹ ደሴቶች ሰው ማስፈር እንደምትችል ይፈቅዳል። «ትችላለች» ነው፤ «ታሰፍራለች» አይልም። ፔሮስ ባኞስና ሰሎሞን ላይ ከ50 ዓመት በላይ ጫካ የዋጣቸው ፍርስራሾች እንጂ ወደብም፣ ሐኪም ቤትም፣ የመብራት መስመርም የለም። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው፣ ሥራም ሊገኝ የሚችለው ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በውሉ መሠረት ለ99 ዓመት የተያዘ ነው።